ልጅሽ ማሞቂያ ክፍል ሲሆን፦ ለመንካት፣ ለማናገርና ለማቀፍ የሚረዳሽ መመሪያ

"ሲስተር፣ ብነካው ይጎዳል?"

ጅማ ውስጥ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል እሠራለሁ። ከእናቶች በብዛት የምሰማው ጥያቄ ይሄ ነው። ከአጋሮም ትምጣ ከሰቃ፣ ከዴዶም ትምጣ ከሰርቦ፣ ወይም እዚሁ ከሂርማታ፣ ያው ጥያቄ ይመጣል። አንዷ በአማርኛ ትጠይቀኛለች፣ ሌላዋ በኦሮምኛ። የማይጠይቁም አሉ። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ከማሞቂያው ርቀው ይቆማሉ። ለእነሱም ጭምር ነው የምጽፈው።

መልሱ፦ አይጎዳም። አነካኩን ካወቅሽበት ይጠቅመዋል። እጅሽ፣ ድምፅሽ፣ ጠረንሽና ወተትሽ የሕክምናው አካል ናቸው። ልጅሽ ትንሽ ነው ብለሽ እስኪያድግ አትጠብቂ፤ ዛሬ መጀመር የምትችይው ነገር አለ።

መመሪያው እርግዝናው 37 ሳምንት ሳይሞላ ተወልዶ ሆስፒታል ለተኛ ልጅ ነው። "ልጅሽ" እያልኩ በወንድ አንቀጽ ብጽፍም ለሴቷም ያው ነው። አንድ ነገር ግን ያዢልኝ፦ አዲስ እርምጃ ከመጀመርሽ በፊት የዕለቱን ነርስ ጠይቂ። ትናንት የተፈቀደልሽ ነገር ዛሬ ልጁ ደክሞ ከዋለ ለጥቂት ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

- ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ወይም ቀሚስ፣ ቢያንስ ሁለት
- ለመታቀፊያ ረጅምና ንጹሕ የጥጥ ነጠላ፣ ሁለት ወይም ሦስት። የሚያንሸራትት ጨርቅ አይሆንም
- ጋቢ
- ለልጁ ኮፍያ፣ ካልሲና ዳይፐር ወይም የሽንት ጨርቅ
- ለወተት ማለቢያ ክዳን ያለው ሰፋ ያለ ኩባያ፣ የሚቀቀል ዓይነት
- ሳሙና፣ የራስሽ ፎጣ፣ የጥፍር መቁረጫ
- የውሃ መያዣ
- ደብተርና እስክሪብቶ

ነጠላውን ያበዛሁት በምክንያት ነው። ክረምት ላይ ጅማ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። እርጥበት ያለው ነጠላ ልጁን ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ አንዱ እስኪደርቅ ሌላ ያስፈልግሻል። ለልጅሽ ልክ የሚሆን ዳይፐር ሱቅ ካላገኘሽ አትጨነቂ። የአራስ ልጅ ዳይፐር ከላይ ታጥፎ ይሠራል።

1. እጅሽን ታጠቢ

ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት አውልቂ። እጅጌሽን እስከ ክርንሽ ሰብስቢ። በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ፈትጊ። በጣቶችሽ መሃልና በጥፍርሽ ሥር አትዝለይ። በሩ ላይ ሳኒታይዘር ካለ ታጥበሽ ስትገቢ ተጠቀሚበት። ስልክ ከነካሽ እንደገና ታጠቢ፤ ስልክ እጃችን የነካውን ሁሉ ይዞ ይዞራል።

ይሄን ያህል የምናጠብቀው ለምንድን ነው? ሕፃን በሽታ የሚከላከልበትን አቅም ከእናቱ በብዛት የሚወስደው በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ነው። ልጅሽ ያንን ሳይጨርስ ነው የወጣው። ቆዳውም ስስ ስለሆነ ጀርም በቀላሉ ያልፈዋል።

ሽቶና ጠረን ያለው ቅባት ተዪ። ልጁ የአንቺን ገላ ጠረን ያውቃል፤ አትሸፍኚበት። ጉንፋን ከያዘሽ ለነርሷ ንገሪና ማስክ አድርጊ። ጉንፋን ይዞኛል ብለሽ በራስሽ ፈቃድ ግን ከልጁ አትጥፊ። ወተትሽም አይቋረጥ።

2. የታሰረለትን ሁሉ አንድ በአንድ አስጠይቂ

ብዙ እናቶችን የሚያስፈራቸው ልጁ ሳይሆን ገመዱ ነው። ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂ። በአፉ ወይም በአፍንጫው ገብቶ በፕላስተር የተያዘው ቀጭን ቱቦ ወተት የሚሄድበት ነው። አፍንጫው ላይ ያለው ወፈር ያለው ሲፓፕ ሊሆን ይችላል፤ ሳንባው እንዳይጨማደድ አየር በግፊት ይሰጠዋል። እግሩ ወይም እጁ ላይ ቀይ መብራት ያለው ነገር ኦክስጅን የሚለካ ነው። አያምም፣ አያቃጥልም።

መሣሪያው ሲጮህ መጀመሪያ ልጁን እዪ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል? ከንፈሩ ቀልቷል? ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ልጁ ሲንቀሳቀስ ገመዱ ላልቶ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ አተነፋፈሱ ወጣ ገባ ይላል፤ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ ይቀጥላል። 20 ሰከንድ ከሞላ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ግን አይጠበቅም፣ ነርስ ይጠራል።

መተንፈስ ለሚረሳ ልጅ ካፌይን የሚባል መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ቡና አገር ስለሆንን "እንግዲያው ቡና ጠብ ላድርግለት?" የሚል ሰው ቤተሰብ ውስጥ አይጠፋም። በፍጹም! መድኃኒቱ በልጁ ክብደት ተሰልቶ ነው የሚሰጠው። ለልጁ አፍ ቡና አይገባም።

3. ከመንካትሽ በፊት ልጁን አንብቢው

ይሄ ደረጃ ነው የሚዘለለው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ እንድትይዢው የምፈልገው ይሄን ነው። ልጅሽ ለማልቀስ አቅም ላይኖረው ይችላል፤ በገላው ግን ይናገራል። ማሞቂያው አጠገብ ቆመሽ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብለሽ እዪው።

ደህና ነኝ፣ ነይ ሲልሽ፦ አተነፋፈሱ እኩል ነው። ግንባሩ ዘና ብሏል። እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ዓይኑን ገልጦ ያያል። ጣትሽን ስትሰጪው ይጨብጣል።

ደክሞኛል ሲልሽ፦ ጣቶቹን እንደ ማራገቢያ ይበትናል። እጅና እግሩን ይወጥራል። ጀርባውን ወደ ኋላ ይለጥጣል። ፊቱን ያዞራል። ስቅ ይለዋል፣ ያዛጋል፣ ያስነጥሳል። ቆዳው ይገረጣል ወይም ይዥጎረጎራል።

እናቶች ማዛጋቱን "እንቅልፉ መጣ" ይሉታል። የተበተኑትን ጣቶች "ሰላም አለኝ" ብለው የሚተረጉሙም አሉ። ያሳዝናል ግን ልጁ "በቃኝ" እያለ ነው። ፊቱን ሲያዞር ደግሞ "አላወቀኝም፣ ጠላኝ" ብላ የምታለቅስ እናት አለች። አልጠላሽም። አእምሮው ገና ብዙ ነገር በአንዴ መቀበል አይችልም፤ ሲበዛበት የሚያመልጥበት መንገድ ፊቱን ማዞር ብቻ ነው። ያኔ ማውራትሽን አቁሚ፤ እጅሽን ግን ድንገት አትንጠቂው፣ ሳታንቀሳቅሺ ተዪው። ሲረጋጋ ትቀጥያለሽ።

4. እጅሽን አሳርፊበት፣ አታሻሺው

1. እጅሽን አሙቂ። ቀዝቃዛ እጅ ያስደነግጠዋል።
2. ከመንካትሽ በፊት በዝግታ ጥሪው። "እማዬ ነኝ፣ መጣሁ" በቂ ነው።
3. አንዱን መዳፍሽን ጭንቅላቱ ላይ አሳርፊ።
4. በሌላው እጅሽ እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰብስበሽ ያዢለት።
5. ዝም ብለሽ ቆዪ። እጅሽ አይመላለስ።
6. ስትጨርሺ አንዱን እጅ ቀስ ብለሽ አንሺ፣ ጥቂት ጠብቀሽ ሌላውን።

በጣት ጫፍ መዳበስ ለትልቅ ልጅ ደስ ይላል። ያለ ጊዜው ለተወለደ ግን ይረብሸዋል። ማሕፀን ውስጥ ከየአቅጣጫው እኩል ተይዞ ነበር የኖረው። ጸጥ ያለና ጠበቅ ያለ መዳፍ ያንን ይመልስለታል። መዳበሱና ማሸቱ ጊዜ አለው፤ ሲያድግ ይደርሳል።

ደም ሲቀዳለት ወይም መርፌ ሲገባለት ሆድሽ ከቻለ አትውጪ። ነርሷን "ልያዘው?" በያት። በዚሁ መንገድ ተሰብስቦ የተያዘ ልጅ ሕመሙ ይቀልለታል። ማየት የማትችይ ከሆነም ምንም አይደል። ወጥተሽ እንዳለቀ ተመለሺና ያዢው።

ቅቤ እንዳትቀቢው። አያት "ቆዳው ደርቋል" ማለታቸው አይቀርም። ስስ ቆዳ ላይ ቅቤ ጀርም ይዞ ይገባል፣ ፕላስተርም አያስይዝም። ቆዳው ከደረቀ ለሐኪሙ አሳዪ።

5. አናግሪው

ድምፅሽን ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ሰምቶታል። ከክፍሉ ጫጫታ መሃል የሚያውቀው እሱን ነው። አጠገብሽ ላለ ሰው እንደምታወሪው ዝግ ብለሽ አውሪ። ምን ልበለው ካልሽ የዋልሽበትን ንገሪው። እሹሩሩ በይው። ዳዊት የምትደግሚ ከሆነ እዚያው ድገሚ፤ ቁርኣን የምትቀሪ ከሆነም በዝግታ ቅሪለት። ስም ካላወጣችሁለት ለጊዜው የምትጠሪበትን አንድ ስም ያዢና በእሱ ጥሪው።

አንድ በአንድ ይሁን። ስታወሪ እጅሽን ዝም አድርጊ። ዓይን ለዓይን ስትተያዩ ድምፅሽን ቀንሺ። መብራት ዓይኑ ላይ እንዳይወድቅ በመዳፍሽ ከልይለት። ማሞቂያውን በጣት ማንኳኳት፣ ክዳኑ ላይ ኩባያ ማስቀመጥ፣ በሩን ጓ አድርጎ መዝጋት ውስጥ ላለው ልጅ ከባድ ድምፅ ነው። በስልክ ሙዚቃ አትክፈቺለት፣ ፎቶም በፍላሽ አታንሺው።

ያለ አንቺ ለሚያድርበት ሰዓት፣ ክፍሉ ከፈቀደ፣ ጡትሽ ላይ ያደረ ትንሽ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጠገቡ አስቀምጪለት። በኦፕሬሽን ወልደሽ ሌላ ክፍል ለተኛሽ እናት ይሄ በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ነገር ነው። ጨርቁ ግን ፊቱን እንዳይሸፍን።

6. ወተትሽን አልቢለት

መያዝ እንኳ ባይፈቀድልሽ ይሄን ማንም አይከለክልሽም። ከተቻለ በወለድሽ በመጀመሪያው ሰዓት ጀምሪ፤ ካልሆነም 6 ሰዓት ሳይሞላ። እንገሩን እንዳትደፊው! ቢጫውና ወፍራሙ ወተት ጠብታ ብትሆንም ለልጁ አንጀትና በሽታ ለመከላከል ምትክ የላትም። ጠብ ያለችውን ነርሷ ጉንጩ ውስጥ ትቀባለታለች።

1. እጅሽን ታጠቢ። ኩባያው የተቀቀለ ይሁን።
2. ከልጁ አጠገብ ወይም እሱን እያሰብሽ ተቀመጪ። ልጁን ማየትና ጠረኑን ማሽተት ወተት ያወርዳል።
3. ጡትሽን በሞቀ ፎጣ ያዢ፣ በዝግታ እሺው።
4. አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች፣ ከጡት ጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ።
5. መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጣቶችሽን አገናኚ፣ ልቀቂ። ድገሚው።
6. ጣቶችሽን ቆዳው ላይ አታንሸራትቺ፣ ጫፉን አትጎትቺ። ያቆስላል እንጂ ወተት አያመጣም።
7. ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሲሆን ወደ ሌላው ጡት እለፊ። እየተመላለስሽ በድምሩ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ።

በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፤ ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ሌሊት ይሁን። ጡት ባለቡት ቁጥር ነው የሚሠራው፣ ከቆየ "አልተፈለግሁም" ብሎ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ቀን የማንኪያ ጫፍ የማትሞላ ወተት ብትመጣ "ወተት የለኝም" አትበዪ። ልጅሽም የሚወስደው በዚያ መጠን ነው፤ ሲጀምር አንድ ሁለት ሚሊ ሊትር ብቻ ሊታዘዝለት ይችላል።

ኩባያው ላይ ስምሽን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ። "2 ሰዓት" ብቻ አትበዪ፤ ጠዋት ወይም ማታ በዪ። የታለበ ወተት ክፍል ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይም። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ወዲያው እንደታለበ ፍሪጅ ይግባ።

በቱቦ ሲሰጠው አጠገቡ ሁኚ። ነርሷ ቱቦው ትክክለኛ ቦታ ላይ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ስሪንጁን አንቺ ይዘሽ እንዲፈስ ማድረግ ትችያለሽ። ወተቱ በራሱ ክብደት ይውረድ፤ በግፊት አይሰጥም፣ ያስመልሰዋል።

7. ገላ ለገላ እቀፊው

ካንጋሮ የሚባለው ይሄ ነው። ልጁ በዳይፐር፣ በኮፍያና በካልሲ ብቻ ሆኖ ባዶ ደረትሽ ላይ ይታሰራል። ሰው የሚያስበው "ማሞቂያ ሲጠፋ የሚደረግ" ነው። አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ጊዜያቸው ወይም በዝቅተኛ ክብደት ለተወለዱ ሕፃናት ሁሉ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ይመክራል፤ በተቻለ ፍጥነትም እንዲጀመር። ደረትሽ ሙቀት ይሰጠዋል፣ የአንቺ አተነፋፈስና የልብ ምት የእሱን ያረጋጋል፣ የአንቺ ጤናማ ጀርሞች የሆስፒታሉን ጀርም ቦታ ያሳጡታል፣ ወተትሽም ይጨምራል። ራሱን ለማሞቅ የሚያወጣው ጉልበት ስለሚተርፍለት ክብደት ይጨምራል። ኦክስጅን ወይም ሲፓፕ ላይ ያለ ልጅም ከተረጋጋ በነርስ እርዳታ ሊታቀፍ ይችላል።

1. ሽንት ቤት ሂጂ፣ ብዪ፣ ጠጪ። ከተቀመጥሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት ስለምትቆዪ ነው። በየአሥር ደቂቃው ማንሳትና መመለስ ልጁን ከምንም በላይ ያደክመዋል።
2. የጡት መያዣሽን አውልቂ፣ ልብስሽን ከፊት ክፈቺ። ደረትሽ ንጹሕና ደረቅ ይሁን።
3. ወንበር ላይ ትንሽ ጋደም ብለሽ ተቀመጪ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነርሷ ልጁን አንስታ ታስቀምጥልሽ፤ ገመዶቹን እሷ ትይዛለች።
4. ልጁን በጡቶችሽ መሃል ቀጥ አድርጊው፣ ደረቱ ከደረትሽ ይግጠም።
5. ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዙሪ፣ አገጩ ጥቂት ቀና ይበል። አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ አየር ቧንቧው ይታጠፋል፤ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ከሄደም እንዲሁ።
6. እግሮቹን እንደ እንቁራሪት እጠፊለት፣ እጆቹንም አጠፍ አድርገሽ ወደ ላይ።
7. ነጠላውን አጥብቀሽ እሠሪ። የላይኛው ጠርዝ ከጆሮው ሥር ይድረስ፤ ጥብቁ ክፍል ደረቱ ላይ ይሁን እንጂ ሆዱ ላይ አይሁን። በሆዱ ስለሚተነፍስ ቦታ ይፈልጋል።
8. ብድግ ብለሽ እዪው። ካልተንሸራተተ አሥረሽዋል ማለት ነው።
9. ልብስሽን ከላይ ክደኚ፣ ጋቢሽን ደርቢ። ፊቱ ሁልጊዜ ይታይሽ።

"ብርድ ይመታኛል፣ አራስ ነኝ" ለምትል እናት፦ ጋቢው ጀርባሽንና ትከሻሽን ይሸፍናል፣ ደረትሽን ልጁ ያሞቀዋል። ሰው እንዳያይሽ ከፈለግሽ መጋረጃ ጠይቂ፣ ወይም ጀርባሽን ለበሩ ሰጥተሽ ተቀመጪ። ሂጃብሽን ወይም ነጠላሽን ከላይ ጣል ማድረግ ይቻላል፣ የልጁን ፊት እስካልሸፈነ ድረስ።

ሙቀቱን በብብቱ ለኪ ወይም አስለኪ። ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር በሌለበት ሰዓት በእጅሽ ጀርባ ሆዱንና እግሩን ንኪ። ሁለቱም ሞቀው ካሉ ደህና ነው። እግሩ ከቀዘቀዘ ቀዝቅዞታል፤ ነጠላውን አጥብቂ፣ አንድ ድርብ ጨምሪ፣ ለነርሷም ንገሪ።

ማሰሪያውን ከለመድሽ መራመድ፣ መብላት፣ ማውራት ትችያለሽ። ለመተኛት ትራስ ደራርበሽ ከወገብሽ ቀና በይ፤ ጠፍጣፋ አትተኚ። የሞቀ ሻይ ወይም ቡና ስትጠጪ ግን ልጁን ለሌላ ሰው ስጪ። አንቺ መታቀፍ የማትችይበት ሰዓት አባትየው ይቀፈው። የወንድ ደረትም ያሞቃል፣ ያረጋጋል። አያትም አክስትም እጃቸውን ታጥበው፣ ጤነኛ ሆነው፣ ክፍሉ ሲፈቅድ ይችላሉ። መንታ ከሆኑ አንዱ ከአባት ሌላው ከአንቺ፤ ወይም እንደ ክብደታቸው ሁለቱም ከአንቺ።

መቼ ይቆማል? ልጁ ራሱ ይነግርሻል። ክብደቱ 2500 ግራም አካባቢ ሲደርስ ወይም መወለድ ከነበረበት ቀን ሲቃረብ መፈራገጥ፣ ለመውጣት መታገል ይጀምራል። እስከዚያ ቤትም ገብተሽ ትቀጥያለሽ።

8. ሥራውን ከነርሷ ተካፈዪ

ዳይፐር መቀየር፣ ሙቀት መለካት፣ አፉን በወተትሽ ማርጠብ፣ ጎኑን ማገላበጥ። መጀመሪያ እዪ፣ ከዚያ እሷ ቆማ እያየችሽ ሥሪ፣ ከዚያ ለብቻሽ። ዳይፐር ስትቀይሪ ሁለት እግሩን ይዘሽ ወደ ላይ አታንጠልጥዪው፤ ወደ ጎን አዘንብለሽ ቀይሪለት። ቢቻል ከምግቡ በፊት ይሁን፣ ከበላ በኋላ ከተገለበጠ ያስመልሰዋል። በሥራዎቹ መሃል ፋታ ስጪው። ከተኛ አትቀስቅሺው፤ የሚያድገው ተኝቶ ነው።

በደብተርሽ ክብደቱን፣ የወሰደውን ወተትና የታቀፈበትን ሰዓት ጻፊ። ሐኪም ሲዞር ጥያቄሽም እዚያው ይኑር። ሰው ፊት ሲቆም ይረሳል።

9. ጡት አስለምጅው

መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከእርግዝናው መጀመሪያ ሲቆጠር ከ32 እስከ 34 ሳምንት አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን ታልቦ ባዶ የሆነ ጡት ላይ አፉን ማሳረፍ ይችላል። ይልሳል፣ ያሸታል፣ አንድ ሁለቴ ይስባል። በቱቦ ወተት በሚወርድለት ሰዓት ብታደርጊው "ጡትና ጥጋብ አብረው ይሄዳሉ" ብሎ ይማራል።

ቀጥሎ በኩባያ ነው። የተቀቀለች የቡና ሲኒ ትሆናለች። ልጁን ቀና አድርገሽ ያዢው፣ ሲኒዋን የታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፊ፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ አዘንብዪ። እሱ ራሱ በምላሱ ይውሰድ። አፉ ውስጥ አታፍስሺ፣ ወደ ሳንባው ይሄዳል። ጡጦ አትግዢ። ማጽዳቱ ያስቸግራል፣ ጡት መሳቡንም ያደናግረዋል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ነጠላውን አላልቶ ማሰር የመጀመሪያው ነው። "እንዳላፍነው" ብላ ታላላዋለች፣ ልጁ ይንሸራተታል፣ አንገቱ ይታጠፋል። የሚያፍነው መላላቱ ነው።

ሁለተኛው ልብስ አልብሶ ማቀፍ። ገላው ገላሽን ካልነካ ካንጋሮ አይደለም።

ከጎን አልጋ ካለው ልጅ ጋር ማወዳደርም አለ። የእሷ 200 ግራም ጨመረ፣ የኔ ግን ቀነሰ ይባላል። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት መቀነሱ የተለመደ ነው። የ30 ሳምንቱንና የ35 ሳምንቱን ልጅ አንድ ሚዛን ላይ አታስቀምጪ።

ሐሙስ ገበያ ቀን ነው፤ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ገበያውንም ጥየቃውንም አንድ ላይ ያደርጋል። ፍቅር ነው፣ ገብቶኛል። ግን ውጭ ተቀብለሽ አነጋግሪያቸው። ምግብ ያምጡልሽ፣ ልብስ ይጠቡልሽ፣ ቤት ያሉትን ልጆች ይያዙልሽ።

አብሽ፣ ስኳር በውሃ፣ ማር፣ ቅቤ ማቅመስ፤ እንጥል ማስቆረጥ። አንዱም አይደረግ። ልጁ ደም ሊፈሰው፣ አንጀቱ ሊታመም፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል።

መጨረሻው ራስሽን መርሳት። ሳትበዪ ወተት ትጠብቂያለሽ? ገንፎውም አጥሚቱም ይምጣ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ሲቻል ተኚ። ሁለት ሳምንት አልፎም ልቅሶው ካልቆመ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ልጁን ማየት ካስጠላሽ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ በግልጽ ንገሪ። ሕመም ነው፣ ይታከማል፤ መጥፎ እናት አያደርግሽም። አቅፈሽው ምንም ባይሰማሽም አትደንግጪ። ለአንዳንዷ ፍቅሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ በማቀፍ ብዛት።

ወዲያው ነርስ የሚጠራባቸው

- መተንፈስ ካቆመ። እየጠራሽ ጀርባውን ወይም የእግሩን መዳፍ እሺ
- ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ፣ ሰማያዊ ከሆነ
- ከዛለና ከተዝለፈለፈ፣ ወይም አልነቃ ካለ
- ደረቱ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ከተነፈሰ፣ ካቃሰተ
- ሙቀቱ ከ36.5 ከወረደ ወይም ከ37.5 ከወጣ
- ሆዱ ከተነፋ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሰገራው ደም ካለው
- ካንቀጠቀጠው
- ቱቦው ከተነቀለ። መልሰሽ አታስገቢ

10. ከመውጣታችሁ በፊት

ቢቻል የመጨረሻዋን ሌሊት ሙሉ ለሙሉ አንቺ ተንከባከቢው፤ ማጥባቱንም፣ ማቀፉንም፣ ሙቀቱንም። የከበደሽ ነገር እዚያው ይታያል፣ ነርሷ አጠገብሽ እያለች ታስተካክይዋለሽ። ቴርሞሜትር ይዘሽ ግቢ። ወደ ቤት የምትሄዱት በባጃጅም ይሁን በሚኒባስ ልጁ ደረትሽ ላይ ታስሮ ይሂድ፤ ነፋስ እንዳይመታው ጋቢ ደርቢበት፣ ፊቱን ግን ተዪለት። ቤት ውስጥ ቡና የሚፈላበትና እጣን የሚጨስበት ክፍል ከልጁ ይራቅ፤ ጭስ ለሳንባው ጠላት ነው።

ዕድሜውን መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ። ሁለት ወር ቀድሞ ከመጣ ፈገግታውንም ሁለት ወር ያህል ዘግይተሽ ጠብቂ። ክትባቱ ግን ከተወለደበት ቀን ነው የሚቆጠረው። የቀጠሮ ካርዱን፣ የክትባት ካርዱንና ደብተርሽን በአንድ ላስቲክ ያዢ፤ ዝናብ እንዳያገኛቸው።